የሩት አባት፣ የመርሳው መካኒክ አቶ ደሳለኝ ማሩ

አቶ ደሳለኝ ከአባታቸው ከአቶ ማሩ በላይ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሽታዬ አያሌው በ1955 ዓ.ም. በሐብሩ ወረዳ፣ ውርጌሳ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ መርሳ ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያ በላይ ለመቀጠል ቢመኙም አባታቸው በማረፋቸው ወልድያ ሄደው ጋራዥ ተቀጠሩ፤ ሙያውንም እዚያው ለመዱ።

በ1982 ዓ.ም. ከወይዘሮ ደብሪቱ አበባው ጋር ጋብቻ መሥርተው ኤርሚያስንና ሩትን ወለዱ። መርሳ ላይም የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። ሞተር ሲያዳምጡ ማንንም አያናግሩም ነበር። መፍቻቸውን የሚያስቀምጡት ሩት ከትምህርት ቤት ስትመጣ ብቻ ነበር።

በኋላም አሮጌ ፒካፕ ገዝተው ከባልንጀራቸው ከአቶ ዓሪፍ ሙጃሂድ ጋር ከመርሳ ወልድያ ዕቃ ያመላልሱ ጀመር። በጥር 2014 ዓ.ም. ነዳጅ በጠፋበት ጊዜ፣ የመኪናዋን የፊት ጎማዎች የሚያዞረውን ዘንግና ተያያዥ ብረቶቹን ፈትተው አወጡ። መኪናዋ ከአስፋልት ስለማትወጣ፣ አራቱንም ጎማ የሚያሠራው ፎር ዊሉ ለዓመታት ሥራ ፈትቶ ነበር። አቶ ዓሪፍ ምክንያቱን ሲጠይቋቸው፣ «ይበላል እንጂ አይሠራም» አሏቸው። እውነትም የነዳጁ ፍጆታ ቀነሰ፤ ሌሎች ባለመኪኖችም እየመጡ አስፈቱ።

በዚያው ዓመት ሐምሌ፣ ከመርሳ በላይ ደጋ የተዳረችው ሩት ምጥ እንደጠናባት ተደወለላቸው። ከአቶ ዓሪፍ ጋር ወዲያው ወጡ። ከመንደሩ በታች ባለው ዳገት ግን የኋላ ጎማዎቹ ጭቃውን እየቆፈሩ ሰመጡ። ድንጋይ አነጠፉ፣ ቅጠል ጎዘጎዙ፤ መኪናዋ አልወጣችም። የመንደሩ ሰው ሩትን በቃሬዛ ተሸክሞ አወረዳት፤ መኪናዋንም ገፍቶ ከጭቃው አወጣት። ወልድያ ሲደርሱ ብዙ ሰዓት ባክኖ ነበር። ሕፃኗ ተረፈች። ሩት ብዙ ደም ስለፈሰሳት ልጇን ሳታቅፍ አረፈች።

በለቅሶው ላይ አቶ ዓሪፍ፣ ያ ዳገት ፎር ዊል ያለውንም መኪና ሲይዝ እንዳዩ፣ የሆነውም የአላህ ውሳኔ እንደሆነ ደጋግመው ነገሯቸው። አባታችን እስከ መጨረሻው ሰሟቸው።

«ዓሪፍ፣ ብረቱን የፈታሁት እኔ ነኝ» አሉ።



የሩት አርባ ሳይወጣ ዘንጉን መልሰው ገጠሙት። ከዚያ በኋላ በደጋው ምጥ የያዛት እናት ስትኖር የሚደወለው ለእሳቸው ነበር፤ የያዙትን ሥራ ጥለው ይወጣሉ። ብዙዎች በሰላም ተገላግለዋል፤ ቤተሰቦቻቸውም ዛሬ እዚህ አብረውን ቆመዋል። ሲመርቋቸው አንገታቸውን ይደፉ ነበር። ወይዘሮ ደብሪቱ እንደሚያስታውሱት፣ ከዚያ መንገድ በተመለሱ ቁጥር ሞተሩን አጥፍተው መሪውን እንደያዙ ይቀመጣሉ፤ ግቡ ቢባሉም ቶሎ አይወርዱም።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በወልድያ ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በ63 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ደብሪቱን፣ ልጃቸውን ኤርሚያስን፣ እንዲሁም «አባዬ» እያለች ያደገችውን የሩትን ልጅ፣ የሦስት ዓመቷን ሙሉን ትተዋል። ለሙሉ ማረፋቸውን እስካሁን አልነገርናትም።

ራሳቸውን ይቅር ሳይሉ ለሄዱት አባታችን እግዚአብሔር ምሕረቱን ያብዛላቸው፤ ነፍሳቸውንም ከልጃቸው ከሩት ጋር ያገናኝልን። አሜን።