የእማማ የሻረግ ባቄላ

ሰኞ

ዛሬ አልዋጡም። እማማ የሻረግ ክኒኑን መዳፌ ላይ አይተው ፊታቸውን አዞሩ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ስድስት ወር ነው፤ አራቱን አንድም ቀን ሳያጓድሉ ጨርሰው ነበር። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ነገሩ ተበላሸ። አንዲት ልጃቸው ርቃ ኮን ከተማ ነው ያገባችው፤ ቤቱ ጭር ብሏል።

«ሳሉ ለቀቀኝ። ከእንግዲህ ለማን ብዬ ነው የምውጠው?» አሉኝ። ካቋረጡ በሽታው ጠንክሮ እንደሚመለስ ነገርኳቸው። «ይምጣ» አሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ እንጂ ቄስ አይደለሁ፤ ለ«ይምጣ» ምን ይመለሳል? መንገድ ላይ አለቀስኩ።

ማክሰኞ

ላሊበላ የሠለጠንኩበትን ደብተር አገላበጥኩ። አሠልጣኟ አዎንታዊ ሥነ ልቦና ብላ ያስተማረችን አለ፦ ሕመምተኛው በየቀኑ ያገኘውን ሦስት ደግ ነገር ይናገር፣ ልቡ ይበረታል። እሰይ ብዬ ሮጥኩ።

«እማማ፣ ዛሬ ምን ደግ ነገር አገኙ?»

«ተመስገን።»

«ሁለተኛውስ?»

«ተመስገን።»

ሦስተኛውም ያው። እኔ መች አርፌ! «ላምዎ ሴት ጥጃ ወልዳልዎት የለ?» ብዬ ጮክ አልኩ። ለካ ጎረቤታቸው ደጃፍ ላይ ቆማለች። እማማ ቀልባቸው ተገፈፈ። «አንቺ ልጅ! ላሜን በዓይን ልታስበያት ነው?» ብለው አባረሩኝ።

እዚሁ ተወልጄ ይሄ ይጠፋኛል? እናቴ እንኳ ጥጃ ሲወለድ ትንፍሽ አትልም። እኔ ግን ደብተሬን ብቻ አይቼ ሄድኩ። ወይ ሥልጠና!

ረቡዕ

እግሬን እየጎተትኩ ሄድኩ። ይቅርታ ጠየቅኩ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ባዶ ቅል አውርጄ አጠገባቸው አስቀመጥኩ፣ ከጓዳም አንድ እፍኝ ባቄላ ዘገንኩ።

«ለእኔም ለማንም አይንገሩ። ደግ ነገር ባገኙ ቁጥር አንድ ባቄላ ጣል ያድርጉ። እርስዎና ፈጣሪ ይወቁት።»

«የእብድ ሥራ» አሉ። ክኒኑንም አልዋጡም። ሦስት ቀን ሆነ። እንቅልፍ የለኝም።

ሐሙስ

ቅሉን ሳነሳው ቀጭ ቀጭ አለ። አለበት! «አትንኪ!» ብለው ነጠቁኝ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። ክኒኑን ማለታቸው መሆኑ እስኪገባኝ ቆየሁ። ዋጡ። እልል ልል ነበር፣ አፌን ያዝኩ።

ዓርብ

ዋጡ። ቅሉን አላነሳሁም። ጥጃዋን ግን ሲያሻሿት አየኋቸው፤ እንዳላየ አለፍኩ።

ቅዳሜ

ዋጡ። ውኃውን ራሳቸው አዘጋጅተው ጠበቁኝ። «ዘገየሽ» ተባልኩ እንኳ!

እሑድ

አሹቅ አቀረቡልኝ። የቅሉን ባቄላ ቆልተው ዘፍዝፈውታል። «ብይ፣ የሳምንቱ ነው። ነገ በአዲስ እጀምራለሁ።»

«ስንት ነበር?»

«አይነገርም።»

«እኔስ አለሁበት?»

ሳቁ። ክኒኑን ውጠው ጉንጬን ዳሰሱኝ።

ሁለት ወር ይቀረናል። ነገ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። ከበራቸው ስወጣ ግን ከኋላዬ ባዶው ቅል ቀጭ አለ። አንዲት ባቄላ። ልቤ ዘለለች፤ ዘወር ብዬ ግን አላየሁም። ዓይን እንዳይሆንባቸው።