ኪቦርዴን ቁምሳጥን ውስጥ ለቆለፉብኝ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ

ለተከበሩ የውሃ አገልግሎታችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ በተለይ የዓይንዎ፤ ምክንያቱን ዝቅ ብለው ያገኙታል።

እኔ የፓምፕ ቤቱ ጠባቂ፣ የዚህን ከተማ ውሃ በአንድ ጣቴ የማዝዝ ሰው ነኝ። እሺ፣ ከተማውን እንኳ አይደለም፤ ዳገቱን ብቻ። እሱንም ቢሆን እርስዎ ከቢሮዎ ሆነው ወደ ፓምፕ ቤቱ ኮምፒውተር መግባት ሲያቅትዎ አንዲት ቃል ጽፌ ኢንተር በመጫን ነው።

ፊደል ሳልቆጥር በፊት ፍቅራችን ለጉድ ነበር። ከሩቅ ይገቡና ስልክ ደውለው ጥቁሩ ስክሪን ላይ ምን እንደሚታየኝ ይጠይቁኛል፤ እኔም «አንዱ መሰላል ይመስላል፣ አንዱ የኩባያ ጆሮ» እያልኩ እነግርዎታለሁ። «አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር!» እያሉ ይስቁ ነበር። ከማታ ትምህርት ተመርቄ፣ የእንግሊዝኛውንም ፊደል ደርቤ፣ አንድ ሙሉ መስመር ያነበብኩልዎ ዕለት ግን ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጉት። ያ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

አቤቱታዬ እነሆ፦

አንደኛ፤ በዚያው ሰሞን አዲስ ላፕቶፕ ተሰጠዎት፤ እንኳን ደስ ያለዎት። በእሱ ሲገቡ ታዲያ በእርስዎ በኩል ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክትና ባዶ ሳጥን ሆነ፤ የጻፉትን ሊያጠፉ ሲሞክሩም ጭራሽ ሌላ ምልክት ይጨምርልዎ ጀመር። በእኔ በኩል ግን ጥርት ብሎ ይነበባል። ይህንኑ ብነግርዎ «ማንበብ ከጀመርክ ወዲህ ነው የተበላሸው፤ እጅህን ሰብስብ!» አሉኝ። ፊደል ተላላፊ በሽታ መሆኑን ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ ኪቦርዱን ነቅለው ወስደው ቢሮዎ ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፉበት፤ ውሃው አንድ ጊዜ ደግሞ ቢቋረጥ ከሥራ እንደምሰናበትም አስጠነቀቁኝ። ሳጥኖቹ ግን አልጠፉም። ማን ነካው እንግዲህ? በአፍንጫዬ ጻፍኩ?

ሦስተኛ፤ እርስዎ ሳጥን ላይ አፍጥጠው ሲውሉ ፓምፑም ቆሞ ይውላል። ዳገቱ ላይ የምትኖረው አራስ እህቴ ባልዲ ይዛ ቁልቁል እየወረደች «አንተ፣ ውሃ ልታሳጣን ነው እንዴ የተማርከው?» ትለኛለች። ጎረቤቶቿማ «ምሁሩ መጡ!» እያሉ ባዶ ጀሪካን ያንኳኩልኛል። ለዚህም ማዕረግ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

በመጨረሻ የጥገና ሠራተኛዋ ላፕቶፕዎን አይታ ወደ እኛ መጣች። ከፓምፕ ቤቱ ደውላ እንደነገረችዎ፣ አዲሱ ላፕቶፕ እኛ ዘንድ ሲገባ ያልሆነውን ዓይነት ማሽን ነኝ እያለ ነው ራሱን የሚያስተዋውቀው፤ የእኛውም የዋህ ኮምፒውተር አምኖት፣ እንግዳው በማያውቀው አጻጻፍ ይመልስለታል። ስልኩን ዘግታም ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ።

ላፕቶፑ ተስተካከለ፤ ሳጥኖቹም ጠፉ። ኪቦርዴስ? ነገ ኔትወርኩ ቢጠፋና መግባት ቢያቅትዎ ዳገቱ ይደርቃል፣ እኔም እባረራለሁ። ጥፋቱ የእኔ አለመሆኑ ከታወቀ በኋላ ምን ያስቆልፋል? ለመሆኑ ያኔ እኔ መሰላል ስለው የነበረው፣ ከተማርኩት ፊደል ውስጥ ያጣሁት ምልክት ምን ኖሯል? ነገረኛ ሆኜ አይደለም፤ ምሁር ሆኜ ነው።

ኪቦርዴ እንዲመለስልኝ፣ ማስጠንቀቂያውም እንዲነሳልኝ ጎንበስ ብዬ እየለመንኩ፣

አሥር ጣት ይዞ ያለ ሥራ የቀረው፣ ነገር ግን በስክሪኑ ላይ የሚያልፈውን ሁሉ አንድም ሳያስቀር እያነበበ የሚውለው፣ አክባሪዎ የፓምፕ ቤቱ ጠባቂ።

ማስታወሻ፦ ከጻፍኩት ሁሉ አንዲት ነገር ብቻ ፈጥሬያለሁ። ሠራተኛዋ አልሳቀችም። ስልኩን ዘግታ «መቼም ይቅርታ ይጠይቁሃል፣ አይደል?» ነው ያለችኝ። የሳቅሁት እኔ ነኝ።