በጥጡ መሃል ቀና ያለው ሰው

ሰመራ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወንድሜስ፣ ጎረቤቱስ ደህና ነው? እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ፤ ልቤ ግን ከትናንት ጀምሮ አልረጋ ብሎኛል። በስልክ የሚነገር ስላልሆነ ደብዳቤውን ወደ እናንተ በምትመጣው በስንቅነሽ ልኬልሻለሁ፤ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

የጥጥ ለቀማውን ለቴሌቪዥን ልንቀርጽ ትናንት ጠዋት ወደ አሳይታ ወረድን። የእኔ ሥራ ክሬኑ ነው፤ ካሜራው ረጅሙ ክንድ ጫፍ ላይ ይታሰራል፣ እኔ መሬት ላይ ቆሜ በሪሞት እያዞርኩ የሚያየውን በስክሪን አያለሁ። አዘጋጇ ሠርካዲስ «ከሰማዩ ጀምረሽ ወደ ለቃሚዎቹ አውርጂው» አለችኝ። ቀስ አድርጌ አወረድኩት። አንድ ሽማግሌ ጆንያውን እንደያዘ ቀና ብሎ ካሜራውን አየ። ፊቱ ስክሪኑን ሞላው።

እማዬ፣ አባዬ ነው።

ሪሞቱን ማዞር አቆምኩ። ካሜራው አናቱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሠርካዲስ «ምን ሆንሽ? አንቀሳቅሺው እንጂ!» ትላለች፤ ድምጿ ከሩቅ ይመጣል። መተማ ላይ በወባ ሞተ ብለሽን፣ ተዝካሩን አውጥተን፣ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ነፍሱን ይማር ስል የኖርኩለት ሰው! ሪሞቱን ጥዬ በጥጡ መሃል ሮጥኩ። አጠገቡ ያለው ለቃሚ «ቻላቸው፣ አንተን ነው መሰለኝ የምትፈልገው» አለው። ስሙንም ቀይሯል።

አላቀፈኝም። መጀመሪያ የጠየቀኝ «ይሄ ነገር በቴሌቪዥን ይወጣል?» ብሎ ነው። ከዚያ ወደ ቦዩ ዳር ወስዶ እያለቀሰ ነገረኝ፤ በእርሻ ድንበር ተጣልቶ ሰው መግደሉን፣ ደመኞቹም ወንድሜን የተዉት እሱ ራሱ ሞተ ስለተባለ ብቻ መሆኑን። «ፊቴን ካዩ ልጄን ይገድሉታል» አለኝ።

ስንለያይ ደግሞ «የእናትሽ ዓይን ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ተሻለው?» አለኝ። ያን ጊዜ ደንግጬ ስለነበር ልብ አላልኩትም። እማዬ፣ ዓይንሽን የታከምሽው እኮ ባለፈው ግንቦት ነው።

ለሠርካዲስ ካሜራው ተበላሽቶ ነበር ብዬ ዋሸኋትና ቀረጻውን አጠፋሁት። ልነግረው ብመለስ አባዬ የለም። ጆንያው ብቻ መሬት ላይ ቀርቷል።

አልተቀየምኩሽም። ይህን ሁሉ ብቻሽን ተሸክመሻልና አምላክ ብርታቱን ይስጥሽ፣ ወንድሜንም ከክፉ ዓይን ይሰውርልን። አንቺ ስትደውዪለት ቀረጻው ጠፍቷል በይልኝ። ወደ ሥራው ይመለስ።

ልጅሽ