«ትንፍሽ እንዳትሉ!»

እህት ዓለም፣

ለልምድ ልውውጥ የመጣሁበት ትምህርት ቤት፣ ሕፃናቱ ጠዋት ጠዋት ዓይናቸውን ጨፍነው ትንፋሻቸውን ያዳምጣሉ። ሃያ ብቻ ናቸው፤ እንደኛ ክፍል ሰባ አይደሉም። ዛሬ መምህርታቸው «እስቲ አንቺ ምሪያቸው» ስትለኝ ከፊታቸው ቆምኩ። «ዓይናችሁን ጨፍኑ» አልኩ። ከኋላ ሁለቱ ሲንሾካሾኩ ስሰማ ግን ያቺ የለመድኳት ቃል ከአፌ አመለጠችኝ፦ «ትንፍሽ እንዳትሉ!»

ክፍሉ ጭጭ አለ። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ! ለካስ ሁሉም ትንፋሻቸውን ይዘዋል። ከፊት የተቀመጠችው ጥርሰ ወላቃ ጉንጯን ነፍታ ፊቷ በርበሬ መስሏል። «ኧረ ተንፍሱ ልጆቼ!» ብዬ ጮህኩ። እሷም እፎይ አለችና «ቲቸር፣ ይበቃል?» አለችኝ።

ሰኞ ስመለስ ይህንኑ እኛ ትምህርት ቤት የማስጀምረው እኔ ነኝ። የኛዎቹን ስንቴ እንዲያ ብያቸዋለሁ? አሁን «ተንፍሱ» ብላቸው ያምኑኛል?

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ፤ በረኛችንን ጋሼንም ሰላም በይልኝ። ክፍሌን የያዝሽልኝ አንቺ ነሽና አደራ፣ ቢንጫጩም ተያቸው። ይተንፍሱ።