የሕፃኑን ድድ አታስነኪ

መንጌ፣ ጥር ፲፫ ቀን ፲፰፻፺፫ ዓመተ ምሕረት

ለልጆቼ እናት ለስንቅነሽ፤

እንዴት ከርመሻል? ዋጋዬስ? ዓይኑን አይቼው የማላውቀው፣ ስሙን እንኳ ከመንገደኛ የሰማሁት ልጄስ እንዴት ነው? እኔ ወርቅ ሳጥብ ወገቤ ጎበጠ እንጂ ደህና ነኝ። ሕመሜ አፌ ላይ ነው።

መምሬ አበራ፣ ይህን የሚያነቡላት እርስዎ ነዎትና እባክዎ፣ ጎረቤት ካለ አስቀድመው ያሰናብቱልኝ።

ስንቅነሽ፣ «ሕፃኑን ተቅማጥ ይዞታል፣ ያተኩሰዋል» ብለሽ በጨው ነጋዴው ብትልኪብኝ፣ ቆም ብዬ ሳላስብ «ግግ ነው፤ ግግ አውጪዋ ለአስተርእዮ ማርያም ስትመጣ እንደ ዋጋዬ ድዱን አስቆፍሪው» ብዬ መለስኩልሽ። እንደማትወጂው አውቃለሁ። በዋጋዬም ጊዜ ልጅቱን ደረትሽ ላይ ሸሽገሽ «ተው፣ ይቅርባት» ብለሽኝ ነበር። የባል ቃል ብለሽ ግን ትፈጽሚዋለሽ፤ ያስጨነቀኝም ይኸው ነው።

ያረፍኩት ባቢከር ከሚባል የበርታ ሰው ቤት ነው። ሰሞኑን የእሱንም ሕፃን እንደኛው ተቅማጥ ያዘውና፣ እኔ አዋቂ ነኝ ባይ «ግግ ነው፣ ወስፌ አግሉ» አልኩ። ሚስቱ ዐዋጢፍ ሕፃኑን ታቅፋ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ከዚያ ትልቋን ልጇን አማልን ጠርታ አፏን አስከፈተቻት።

አየሁ። አንዱ ክራንቻዋ ጭራሽ የለም፤ የጎኑ ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ተጋድመው አንዱ ባንዱ ላይ ወጥቷል። ሌላው ክራንቻ ድዷን ከላይ ቀዶ ወደ ከንፈሯ አፍጥጧል። የዋጋዬን አፍ ያየሁ መሰለኝ።

«ይሄ ልጅ ሲወለድ ደህና ነበር» አለች ዐዋጢፍ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ አማልን እያሳየችኝ። «ሰው መጣ፣ በወስፌ ቆፈረ። ጥርስ ታች ተኝቷል፣ ገና ዘር ነው። ዘሩን ቆፈረ። ወላሂ፣ ሌላ ልጅ አልሰጥም።»

የባቢከር አገጭ ረጅም ነው፤ የታች ጥርሱ የላዩን አልፎ ይወጣል፤ አባቱም እንዲሁ ነበሩ አሉ። ሁለተኛዋ ልጅ ኢቲዳል ደግሞ አውራ ጣቷን ስትጠባ አድጋ የላይ ጥርሶቿ ወደ ፊት ገጥጠዋል። ያኛው ከዘር መጣ፣ ይህኛው ከልማድ፤ ማንም አልበደላቸውም። የአማል ግን የሰው እጅ ሥራ ነው። የዋጋዬም እንዲሁ።

እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ዘመን «ይህ ወልጋዳ ጥርስ ከእናትሽ ወገን ነው» እያልኩ በልጄ ስቀልድ ኖርኩ። የአያቷ፣ የእናትሽ ጥርስ እንደ በቆሎ እሸት የተሰደረ እንደነበር ረስቼው አይደለም፤ ጥፋቱን ከራሴ ላይ ላነሳ ፈልጌ ነው። ዋጋዬ ስትስቅ አፏን በመዳፏ የምትሸፍነው ለምን እንደሆነ እያወቅሁ አብሬ እስቅ ነበር። አፈርኩ፣ ስንቅነሽ።

ዐዋጢፍ ጡቷን ሳትነሳው፣ ቀጭን የማሽላ አጥሚት ጠብ ጠብ እያደረገችለት ሕፃኑ ዳነ። ዛሬ ጣቴን ይዞ በባዶ ድዱ ሲነክሰኝ ነበር። ታች የተኛውን ጥርስ በጣቴ ዳበስኩት፤ እንባዬ መጣ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ እኔ ግን ላሸው ልሞክር። ይህን ወረቀት ለመንገደኛ ልሰጥ አስቤ ነበር። መንገደኛ ደግሞ ገበያ ባየበት ሁሉ ያድራል፤ አባይን ሳይሻገር አስተርእዮ ታልፍብኛለች። ባቢከር «ውሃ ሳይደርቅ የት ትሄዳለህ? ወርቅ አሁን ነው» ብሎ ተቆጣኝ። የወርቅ ማጠቢያ ገበታዬን ለእሱ ትቼ ነገ ማለዳ እነሳለሁ።

እንግዲህ ወረቀቱን የሚያደርሰው መንገደኛ እኔው ነኝ። ፊትሽ ቆሜ ይህን ሁሉ ለመናገር ወኔ አጣሁ፤ ስለዚህ ለመምሬ ሰጥቼ፣ አንብበውልሽ እስኪጨርሱ ከደጅ እጠብቃለሁ። የልጁ ድድ ሳይነካ ደርሼ ከሆነ ዋጋዬን ላኪልኝ፣ ታስገባኝ። ካልደረስኩም እሷኑ ላኪልኝ፤ አፏን ሳትሸፍን የልቧን ትንገረኝ።

እመ ብርሃን ሁለቱንም በእቅፍሽ ታቆይልሽ።

ከአጥሩ ውጭ የቆመው፣
ቀናው