ለአንዲቷ አዲስ ጎማ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የስምሪትና የጥገና መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ አንድ ጎማ ስለፈቀዱልን

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ በተለይም ዳሌዎን ፈጣሪ ይጠብቅልዎ፤ የተሰበረ ዳሌ ምን ያህል እንደሚያስቸግር በዚህ ሁለት ወር ውስጥ በቤቴ ስላየሁት ለጠላቴም አልመኝም፣ እንኳንስ ለእርስዎ። እኔ ደህና ነኝ። ከግቢዎ ዋና በር ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ጎማ የምጠግነው ጎሚስታ ነኝ። በየጠዋቱ ሲገቡ መስኮትዎን ሳይከፍቱ እጅዎን ከፍ የሚያደርጉልኝ ሴትዮ ነኝ፤ ስለ ሰላምታውም አመሰግናለሁ። ሙያውን ከአባቴ ወረስኩ፤ ትምህርቴ ግን ከስምንተኛ ክፍል ስላላለፈ በደብዳቤዬ ስህተት ቢያገኙ እንደ መሥሪያ ቤትዎ ልማድ «ታይቷል» ብለው ይለፉት።

የምጽፍልዎ ስለ ታናሽ እህቴ ነው። ከደም ባንክ ወደ ሆስፒታሎች ደም ታመላልስልዎ የነበረችው፣ አሥራ አራት ዓመት ነድታ አንድ ጭረት ያላስመዘገበችው፣ አሁን ግን በሪፖርታችሁ «ከመጠን በላይ በመፍጠን ንብረት ያወደመች» የተባለችው ሹፌር ማለቴ ነው። የፊታችን ሐሙስ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ተሰብስቦ ከሥራ እንደሚያሰናብታት፣ መንጃ ፈቃዷም እንዲሰረዝ እንደሚጽፍ ሰምተናል። የተጋጨው መኪና ደግሞ ረቡዕ ዕለት፣ ማለትም ከስብሰባው በአንድ ቀን ቀድሞ፣ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ይሰጣል ተብሏል። የቀን አወጣጣችሁን አለማድነቅ አልችልም፤ ምስክሩን ቀብሮ ችሎት መቀመጥ ለሁሉም የሚሰጥ ጥበብ አይደለም።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ። በእናንተ ዘንድ ቁጥር የሌለው ወረቀት እንደ ወረቀት አይቆጠርም ሲሉ ሰምቻለሁና።

1ኛ. እህቴን ለእንደዚያ ያለ መኪና ስላበቋት አመሰግናለሁ። መቼም በእርዳታ የመጡትን ሁለቱን መንታ መኪናዎች ያልተመለከተ የሰፈር ሰው የለም፤ እንደ ውድድር መኪና ዝቅ ያሉ፣ አራቱም ጎማቸው የሚገፋ፣ ሲነሱ ልብ የሚያስደነግጡ ናቸው። የእነዚህን መኪናዎች ጉልበት ሁሉም ያወራል፤ እኔ ግን የማደንቀው ከሥራቸው የተቀመጠውን ዲፈረንሻል ነው። ክቡርነትዎ ሥራ ስለሚበዛብዎ ባጭሩ ላስረዳዎ። መኪና መታጠፊያ ላይ ሲዞር የውጭኛው ጎማ ረጅም መንገድ ይሄዳል፣ የውስጠኛው አጭር። ይህን ልዩነት የሚያስታርቀው ሽማግሌ ዲፈረንሻል ይባላል። በድሮው መኪና ሽማግሌው የዋህ ስለሆነ ጉልበቱን ለሁለቱም እኩል አካፍሎ ዝም ይላል። በእነዚህኞቹ ግን የሚታዘዘው በኮምፒዩተር ነው፤ በየጎማው የተቀመጠ ቆጣሪ «እኔ ይህን ያህል ዞርኩ» እያለ ይነግረዋል፣ እሱም በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ እያሰበ የውጭኛውን የኋላ ጎማ ጠንከር አድርጎ ይገፋዋል፣ ያን ጊዜ የመኪናው አፍንጫ ወደ መታጠፊያው ሰተት ብሎ ይገባል። እህቴ መጀመሪያ የነዳችው ቀን ፊቷ በርቶ መጥታ «እትዬ፣ ይሄ መኪና እኮ ሐሳብ ያነባል፣ መሪውን ሳስበው ታጥፏል» አለችኝ። እኔም «ሐሳብ የሚያነብ ነገር ቤታችን መጣ፣ ጉድ ፈላ!» ብዬ ሳቅሁ። አሁን ሳስበው የእህቴን ሐሳብ ብቻ ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱንም ቢያነብልን መልካም ነበር።

2ኛ. ስለ ጎማዋ። የኋላ ቀኙ ጎማ ብረት ወግቶት ጎኑ ሲቀደድ፣ ሦስቱ ጎማዎች ደግሞ ጥርሳቸው ከግማሽ በላይ አልቆ በነበረበት ጊዜ፣ ከግምጃ ቤትዎ አንድ አዲስ ጎማ ከሥራ ማዘዣ ጋር ላኩልኝ። በማዘዣው ላይ «ብዛት» በሚለው ሥር «አንድ» ተብሎ በፊደልም በቁጥርም ተጽፏል፤ እንዳልሳሳት በመጠንቀቃችሁ ምስጋናዬ ይድረስ። ሹፌሮቹ የግምጃ ቤት ኃላፊውን «አንድ ለእናቱ» እያሉ የሚጠሩት ለካ ለቀልድ ብቻ አልነበረም። እኔ ዘንድ ለዚህ ነገር የሚሆን ትልቅ መሣሪያ የለም፤ ጠመኔ አለኝ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር አለኝ፣ የተስተካከለ ሲሚንቶ ወለል አለኝ። አሮጌውንና አዲሱን ጎማ በጠመኔ ምልክት አድርጌ አንዳንድ ዙር አንከባለልኳቸው። አዲሱ በሁለት ጣት በለጠ። ሁለት ጣት ምን አላት ይላሉ፤ ነገር ግን በየኪሎ ሜትሩ አዲሱ ጎማ ከወንድሞቹ ሰባት ዙር ያህል ያንሳል ማለት ነው። ቆጣሪው ደግሞ «ይህኛው አዲስ ነው፣ እነዚያ አልቀዋል» ብሎ መናገር አይችልም፤ «ግራው በጣም ይዞራል» ነው የሚለው። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ቀጥ ባለ ደረቅ መንገድ ላይ እንኳ ግራው እየተንሸራተተ መስሎት፣ በዲፈረንሻሉ ውስጥ ያሉትን ፍሪሲዮኖች፣ ማለትም ኃይሉን ተጣብቀው የሚይዙትን ሳህኖች፣ እየጨመቀ ይውላል። ክቡርነትዎ ጠዋት እጅዎን ጨብጠው እስከ ማታ ባይከፍቱት ምን ይሆናል? ይግላል፣ ይደነዝዛል፣ በመጨረሻም የያዘውን ይለቃል።

3ኛ. መብራቷን ስላጠፋችሁልን። ዲፈረንሻሉ ሲግል በዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት ትበራለች። እህቴ ይህን በዕለት መዝገቧ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ ጽፋለች፤ መኪናው በግቢው በር ላይ በቀስታ ሲታጠፍ ከኋላው እንደሚያቃስትም ጨምራለች፣ ከሱቄ ሆኜ እኔም እሰማው ነበር። አሥራ አንድ ጊዜም የጋራዡ ሹም መሣሪያውን ሰክቶ መብራቷን እያጠፋ «ተጠግኗል» ብሎ ፈርሟል። በአንድ ወቅት ደግሞ «አንቺ ልጅ፣ መብራት ከማየት መንገድ ብታዪ ይሻልሻል» ብሏት የጋራዡ ሰው ሁሉ ስቋል አሉ። የታመመ ሰው እንዳይጮህ አፉን አፍኖ «ድኗል» የሚል ሐኪም ቢኖር ግን ማንም አይስቅም ነበር።

4ኛ. መታጠፊያዋ። ቀኑ ፀሐይ፣ መንገዱ ደረቅ፣ ሰዓቱ ረፋድ ነበር። በከተማው መውጫ፣ ከድንጋይ መፍጫው ሥር ያለችውን መታጠፊያ እህቴ በዓመቱ ውስጥ ስንት መቶ ጊዜ እንደዞረቻት እርስዎ ከስምሪት መዝገብዎ ያውቃሉ፤ ፍጥነቷም ያው የዘወትሩ እንደነበር የራሳችሁ ሪፖርት በሦስተኛው ገጽ ጽፎ፣ በአራተኛው ገጽ ፈጥናለች ብሏል። አራተኛውን ገጽ የጻፈው ሰው ሦስተኛውን ለማንበብ ጊዜ እንዳጣ እረዳለሁ። የሆነው ይህ ነው፦ ወደ መታጠፊያው ስትገባ ዲፈረንሻሉ እየሠራ ነበር፣ አፍንጫው ታዘዘላት፣ እሷም እንደ ወትሮው አምናው ገባች። መሐል ላይ ስትደርስ የጋለው ነገር ራሱን ለማዳን ለቀቀ። ያን ጊዜ ያ ሐሳብ የሚያነበው መኪና በአንድ ትንፋሽ ተራ የዕቃ ጋሪ ሆነ፤ መሪው ታጥፏል፣ መኪናው ግን ቀጥ ብሎ ከመንገዱ ወጥቶ ተጋጨ። ከመጀመሪያውም የማይሠራ ቢሆን ኖሮ ሹፌር ታውቀዋለች፣ ቀድማ ቀስ ትላለች። እያገዘ አምጥቶ መሐል ላይ የሚተው ነገር ነው ሰው የሚገድለው። ይህ ደግሞ በመኪና ብቻ አይደለም።

ደሙ በታክሲ ተጭኖ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ሆስፒታል ደረሰ። ለማን እንደነበረ ለእህቴ እስካሁን የነገራት የለም። እሷም አልጠየቀችም። ይህንን ያለ ቁጥር የጻፍኩት በየትኛው ቁጥር ሥር እንደሚገባ ስላላወቅሁ ነው።

እህቴ አሁን ያለችው ዳሌዋ ተሰብሮ ከሱቄ በስተኋላ ባለችው ክፍል፣ በእኔ አልጋ ላይ ነው። መኪና ባለፈ ቁጥር በድምፁ ብቻ የማን እንደሆነ ትነግረኛለች። እንቅልፍ ሲወስዳት ደግሞ ቀኝ እግሯ ከብርድ ልብሱ ሥር ፍሬን ይረግጣል። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ያቺን እግር እያየሁ የእናንተን «አሽከርካሪዋ ፍሬን ለመያዝ ያደረገችው ጥረት አልታየም» የምትለዋን መስመር አነባለሁ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ ነበር አባቴ።

5ኛ. ይህኛው ለእርስዎ አይደለም፣ የራሴ ነው። ያቺን ጎማ የገጠምኳት እኔ ነኝ፤ ብሎኖቹን ያጠበቅሁት በእነዚህ እጆቼ ነው። ጠመኔውን አይቻለሁ፣ ሁለቱን ጣት ለክቻለሁ፣ ግን እምቢ ብል ማዘዣው ከእኔ በታች፣ በመንገዱ ቁልቁል ወዳሉት ጎሚስታዎች እንደሚሄድ፣ የግቢዎም ሥራ እንደሚቀርብኝ አሰብኩ። የዕለት ጉርሴን አሰብኩ። እህቴ ከጎኔ ቆማ «እትዬ፣ ተይው በቃ፣ ቀስ እያልኩ እነዳዋለሁ» አለችኝ፤ ቀስ ብሎ ደም ማድረስ የሚባል ነገር እንደሌለ ሁለታችንም እናውቅ ነበር፣ እኔ ግን መፍቻዬን አነሳሁ። ያደረግሁት ነገር ቢኖር በማዘዣው ጀርባ ላይ «አራቱም ጎማ ባንድነት ካልተቀየሩ ዲፈረንሻሉ ይጎዳል፣ መኪናውም መታጠፊያ ላይ ሊከዳ ይችላል» ብዬ በዚህች በተጣመመች ጽሕፈቴ ጽፌ ወደ ቢሮዎ መላክ ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ማዘዣው ተመለሰልኝ። ከጽሕፈቴ ሥር በአረንጓዴ ቀለም «ታይቷል» ይላል፣ ፊርማም አለበት። ፊርማው የማን እንደሆነ ልነግርዎ አልደፍርም፤ ሰው የገዛ ፊርማውን ሌላ ሰው ሲያሳውቀው ደስ አይለውም። ዋሽቼ እንደሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።

እንግዲህ ልመናዬ ቀላል ነው። መኪናው ረቡዕ ለብረት ነጋዴ ከመሰጠቱ በፊት በዚያው በግቢዎ ውስጥ፣ ሠራተኛው እያየ፣ አራቱም ጎማዎች ይለኩ። ጠመኔውንና ሜትሩን እኔ አመጣለሁ። በመኪናው ኮምፒዩተር ውስጥ የተመዘገበውንም ከግቢዎ ውጭ የሆነ ባለሙያ ያንብበው፤ የጋራዡ ሹም መብራት ማጥፋት እንጂ ማንበብ እንዳልለመደ አይተናልና። እህቴ ጥፋተኛ ከሆነች ይቅጧት። እኔም ከሆንኩ ሐሙስ ከጎኗ እቆማለሁ፤ ብሎን ያጠበቀች እጅ ናት፣ አልክድም። የምለምነው በዚያ ወንበር ላይ እሷ ብቻዋን እንዳትቀመጥ ነው። አንዱን ብቻ ነጥሎ መቀየር ምን እንደሚያመጣ አይተነዋል።

ይህንን ረጅም ደብዳቤ እስከዚህ ድረስ ካነበቡልኝ፣ ለወንበርዎ ካለኝ ከፍ ያለ አክብሮት፣ ለጀርባዎ ከምመኘው ለስላሳ መደገፊያ፣ በሳሙናም ከማይለቀው የጎማ ጥላሸቴ ጋር፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ከበርዎ ፊት ለፊት ያለችው ጎሚስታ፣ የሹፌርዎ ታላቅ እህት

ግልባጭ፦
ለዲሲፕሊን ኮሚቴው አባላት፣ ለእያንዳንዳቸው
ለጋራዡ ሹም (መብራት ሳይጠፋ እንዲነበብ)
ለግምጃ ቤት ኃላፊው፣ አንድ ቅጂ ብቻ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ ትናንት ከሰዓት፣ መንታው መኪና ወደ ሱቄ መጣ። የእህቴን ሥራ የያዘችው አዲሷ ሹፌር ነበረች፤ የሥራ ማዘዣ ይዛለች፣ «ብዛት፦ አንድ» ይላል። እኔም በዚህች ዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ለግቢዎ እምቢ አልኩ፣ ምክንያቱንም ቁጭ አድርጌ ነገርኳት። ልጅቱም «እማማ፣ ልክ ነዎት፣ ግን እኔ ሥራ ከገባሁ ገና ሁለት ሳምንቴ ነው» ብላ ወደ ታች ሄደች፣ ከእኔ በታች ያለው ጎሚስታም ገጠመላት። አልፈርድበትም፣ ከጥቂት ወራት በፊት እኔ እሱን ነበርኩ። ዛሬ ጠዋት አዲሷ ሹፌር በግቢዎ በር ስትወጣ እህቴ ከአልጋዋ ሆና የመኪናው ኋላ ሲያቃስት ሰማችና «እትዬ፣ የሷም አንዱ አዲስ ነው» አለችኝ። ክቡርነትዎ፣ ከበርዎ እስከዚያች መታጠፊያ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ነው፤ «ታይቷል» ተብሎ በሦስተኛው ቀን ለሚመለስ ወረቀት የሚበቃ ርቀት አይመስለኝም።