ጉበቱ የማን ነው?

ውድ ልጄ፣

ይህን ቁጭ ብለህ አንብበው። በስልክ ብነግርህ ገና ድምፄን ስትሰማ ማልቀስ ትጀምርና ወሬዬን አታስጨርሰኝም። ስለዚህ ዋናውን ላስቀድምልህ፤ ካንሰር አይደለም! ጉበቴ ላይ የታየው እብጠት ካንሰር አይደለም። እልል በል!

አሁን ወደ ጠባችን እንምጣ። ለመሆኑ እናትህ ሞኝ ትመስልሃለች? በስንት ልመና የምትደውለው ሰውዬ በየማለዳው "እማዬ እንዴት አደርሽ" ስትል ምን ልበል? እህትህስ? በሆነ ባልሆነው የምትሟገተኝ ልጅ "እሺ እማዬ፣ እሺ እማዬ" ብቻ ሆነች። ያቺ ልጅ እሺ ካለችማ አለቀልኝ ማለት ነው። ጡቴ ላይ የነበረው ካንሰር በቀዶ ጥገና ከወጣልኝ ዓመታት አልፈዋል፤ ዘንድሮ ለክትትል ሄጄ ሆዴን በአልትራሳውንድ ሲያዩኝ የሐኪሟ ፊት ልውጥ ሲል ገብቶኛል። ስፌት ቤቴ ቁጭ ብዬ የሰፋሁትን መልሼ እፈታ ነበር። ፈርቼ ነበር ልጄ፣ በጣም ፈርቼ ነበር።

በቀጠሮዬ ቀን ሐኪሟ ልታናግረኝ ስትል እህትህ ክንዷን ይዛ ወደ ኮሪደር አወጣቻት። በሩ ግን ገርበብ እንዳለ ነበር። "ወንድሜ ብረት እንዳይነካት ብሏል፤ ከተነካ ይዛመታል። እሷም ባትሰማ ይሻላል፣ የቀራትን ዕድሜ በሰላም ትኑር" ስትል ሰማኋት። ብድግ ብዬ ወጣሁ።

"ጉበቱ የማን ነው?" አልኩ።

ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እህትህ "እማዬ፣ በፈጠረሽ!" አለች።

"የፈጠረኝማ ጉበቱን የሰጠው ለእኔ ነው!"

ሐኪሟ ሳቋን ዋጥ አድርጋ አስቀመጠችኝ። "እናቴ፣ የጡት ካንሰር የነበረበት ሰው ጉበቱ ላይ እብጠት ሲታይ መጀመሪያ የምንጠረጥረው መዛመቱን ነው። ግን ጥርጣሬ ማስረጃ አይደለም። በመርፌ ትንሽ ቁራጭ ወስደን በማይክሮስኮፕ ካላየነው አናውቅም" አለችኝ። ልጆቼን በመርፌ ያሳደግሁ ሴትዮ፣ እናንተ መርፌ ትፈሩልኝ! "ውጉኝ" አልኳት።

ተወጋሁ። ናሙናውን የሚያየው ሐኪም ሴሎቹ ግራ ቢያጋቡትም አልቸኮለም። ከድሮው ቀዶ ጥገና የተቀመጠውን የጡቴን ናሙና አስወጥቶ ከጉበቱ ጋር አስተያየው፤ እኛ ልብስ ሰፊዎች ሁለት ቁራጭ ጨርቅ ከአንድ ጣቃ መሆን አለመሆኑን እንደምናመሳክረው። አልተመሳሰሉም። የጡቱ ካንሰር የሚይዘውን ቀለም የጉበቱ ቁራጭ እምቢ አለ፤ ሌላውን ቀለም ግን ጭልጥ አድርጎ ጠጣው።

"ከስብ፣ ከጡንቻና ከደም ሥር የተቀላቀለ፣ ብዙ ጊዜ የማያጋጥም እብጠት ነው። ካንሰር አይደለም። በየጊዜው እያየን እንከታተለዋለን እንጂ ኬሞ አያስፈልግዎትም" አለችኝ ሐኪሟ። በዚህ ጉልበቴ ዘለልኩ! እህትህ ሐኪሟን አንቃ ስማ ስማ መነጽሯን አወለቀችባት። ከዚያ ወደ ቤት ስንሄድ መንገዱን ሙሉ ተጨቃጨቅን፤ ተመስገን፣ ልጄ ወደ ጠባይዋ ተመለሰች።

በፍቅር እንዳደረጋችሁት አውቃለሁ። ግን አስበው፤ በእናንተ ምክር ቢሆን ኖሮ እናንተ ጤነኛ ስታስታምሙ፣ እኔ ያልመጣ ሞት ስጠብቅ እንከርም ነበር። ፍቅራችሁ በቁሜ ሊቀብረኝ ምንም አልቀረው። በዚህ ተናድጃለሁ፣ ንዴቴም ገና አልወጣልኝም።

ልትሰናበተኝ የቆረጥከውን ትኬት እንዳትመልስ። ና፣ ልይህ፤ ናፍቀኸኛል። ከመምጣትህ በፊት ግን አንድ ነገር ማልልኝ፤ ከእንግዲህ ስለ እኔ ክፉም ሆነ ደግ ወሬ ካለ መጀመሪያ የምሰማው እኔ ነኝ። የሚያለቅስም ካለ ከኋላዬ ይሰለፍ።

በቁሟ ያለችው እናትህ